መድፈንና መጠገን

የሰው ሥራ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ዓይን የሚያየው፥ ተመልካች የሚያመሰግነው ወይም የሚነቅፈው ሥራ ነው። ሁለተኛው ከቀለም በታች፥ ከምርጊት በስተኋላ፥ ከልብስ ገበር ውስጥ ተሰውሮ የሚቀረው ነው። የመጀመሪያውን ሥራ በደንብ እንድንሠራ የሚያስገድደን ብዙ ነገር አለ፤ ኀፍረት አለ፥ ምስጋና አለ፥ ዋጋም አለ። ሁለተኛውን በደንብ እንድንሠራ የሚያስገድደን ግን ምንድን ነው? ማንም በማያየው ቦታ፥ ምናልባትም ዳግመኛ ለማናገኘው ሰው፥ ቅን ሥራ የመሥራት ዕዳ አለብንን? ካለብንስ ባለገንዘቡ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ እንዳስብበት ያስገደደኝ አንድ የሚያንጠባጥብ የሞተር ብስክሌት የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። የምነግረውም የሰው ጥፋት ሳይሆን የራሴን ጥፋት ነውና፥ ሐሜት ነው ብሎ አይፍራ።

ቤቴ በአዲስ አበባ፥ በልደታ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዓሏ ግንቦት 1 ቀን ከሚከበረው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ቆሟል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡርም በሰፈሩ ያልፋል። እኔ ግን ከአሮጌው ግቢ ከቀሩት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ለሥራዬ የምመላለስበት አንድ ሞተር ብስክሌትም ነበረኝ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር ብስክሌት የሚፈጸም ወንጀል በዝቷል ሲል፥ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር ብስክሌቶች በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። እኔም ሞተሬን በረንዳ ላይ አቁሜ በሸራ ሸፈንሁት። በማጠራቀሚያው ውስጥ እስከ ግማሽ የሚደርስ ቤንዚን ነበረበት። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ክረምት አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ በረንዳው ላይ ረከቦቱን ዘርግታ ከሰሉን ስታራግብ፥ ከዕጣኑ ጋር ሌላ ሽታ መጣ። «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች። እኔ መልስ ሳልሰጥ እርሷ ምድጃውን በሁለት እጇ አንሥታ ወደ ግቢው መሐል ወሰደችው። ሸራውን ገልጬ ብመለከት ከማጠራቀሚያው በታች፥ ከስፌቱ አጠገብ፥ ቀለሙ እንደ ብጉር አብጦ አየሁ። ከብጉሩ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። ጠብታዪቱ ወደቀች፤ ቀስ ብሎም ሌላ ተተካ።

ቤንዚን ከሌላው ፈሳሽ የሚለይበት ጠባይ አለው። ውሃ ቢፈስ ይታያል፥ ዘይት ቢፈስ ያዳልጣል፤ ቤንዚን ግን እንደ ፈሰሰ ይተንንና የጠፋ ይመስላል። ዳሩ ግን አልጠፋም። ተኑ ከአየር ሦስትና አራት እጅ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ዝቅ ወዳለው ስፍራ ይሄዳል። በእኛ ቤት ደግሞ ዝቅ ባለው ስፍራ የሚገኘው የከሰል ምድጃ ነው። ከመቶ እጅ አየር ውስጥ አንድ እጅ ተኩል ያህሉ የቤንዚን ተን ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቢተንን አንድ በርሜል ያህል አየር ተቀጣጣይ ሊያደርግ ይችላል። በየአሥር ሴኮንዱ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ደግሞ በ24 ሰዓት 8,640 ጠብታ ይሆናል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ቍጥር አታውቀውም፤ ምድጃውን ማንሣት ግን ከእኔ በፊት አወቀች።

በማግሥቱ ሞተሩን እየገፋሁ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መተላለፊያ ወደነበረ አንድ ትንሽ ጋራዥ ሄድሁ። ጋራዡ በቆርቆሮ የተከለለ ነበር፤ ሠሪው ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፥ ንግግሩ ቍጥብ የሆነ ወጣት ነው። የቀረውን ቤንዚን በጀሪካን ቀዳ። የማጠራቀሚያውን ሆድ በጨርቅ ጠርጎ ጠመኔ ቀባበት፤ ቤንዚን የነካው ጠመኔ ስለሚጠቍር ቀዳዳው የት እንደሆነ ወዲያው ታወቀ። አንድ ሳይሆን ሦስት ነበረ። ከዚያም በምስማር ጫፍ ጫን ጫን ሲያደርገው ብረቱ እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ፤ የመርፌ ቀዳዳ የነበረው የጣት ጫፍ የሚያስገባ ሆነ። እኔ ያበላሸው መስሎኝ ደነገጥሁ። እርሱ ግን «ጋሼ፥ እኔ አይደለሁም የቀደድሁት፤ ቀድሞ አልቆ ነው፥ የያዘው ቀለሙ ነው» አለኝ።

ይህም የሆነበት ምክንያት እንዲህ ነው። ማጠራቀሚያው ጎደሎ ሆኖ ሲቆም በባዶው ስፍራ አየር ይኖራል። ቀን ሲሞቅ አየሩ በክዳኑ መተንፈሻ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር በዚያው ይገባል። እርጥበቱ በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ይሆናል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ጤዛው ሰጥሞ ከሁሉ ዝቅ ባለው ማዕዘን ይተኛል፤ በዚያም ላሜራውን ዝገት ቀስ በቀስ ይበላዋል። እንግዲህ ቀዳዳው በውጭ ከመታየቱ በፊት ሥራው በውስጥ ሲሠራ ከርሟል ማለት ነው። በውጭ የምናየው ጠብታ የጥፋቱ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻው ነው።

«ይኼን በሦስት መንገድ መሥራት ይቻላል» አለኝ ወጣቱ። «አንደኛው ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ሳሙናውን አጥብቀው ቢያሹበት ያቆመዋል፤ ቤትዎ ያደርስዎታል፥ ከዚያ ወዲያ ግን አይመኑት። ሁለተኛው ከውጭ አጽድቶ የብረት ሙጫ መለጠፍ፥ በላዩ ስቱኮ መለቅለቅና ቀለም መርጨት ነው። በግማሽ ቀን ያልቃል፥ አዲስም ይመስላል። ሦስተኛው ፈትቶ ማውረድ፥ ዝገቱን ከውስጥ ማውጣት፥ ያለቀውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። እሱ ሦስት ቀን ይፈጃል፥ ገንዘቡም ይበዛል።»

«ሁለተኛው ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንድ ወር ሊሆን ይችላል፥ ስድስት ወርም ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ከውስጥ መብላቱን አላቆመማ።»

ከዚህ ላይ የተሰወረውን አሳቤን ልግለጽ። በዚያን ሳምንት ሞተሩን ለመሸጥ ተስማምቼ ነበር። ገዢው ከደብረ ብርሃን የመጣ፥ ሞተሩን በአገሩ ሰው እያመላለሰ ሊተዳደርበት ያሰበ ወጣት ነው። ገንዘቡን ከእናቱና ከወንድሙ ለምኖ እንዳጠራቀመ ራሱ ነግሮኛል። ቀብድ ሰጥቶኝ ቅዳሜ ሊወስድ ቀጥሬዋለሁ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እኔም በልቤ፥ አንድ ወር ከቆየ ይበቃኛል፤ ከዚያ በኋላ ቢያፈስ ከዝገት የተነሣ ነው ይላል፥ ማን መልሶ ያመጣዋል? ብዬ አሰብሁ። ይህን ያሰብሁ እኔ ነኝ፤ ማንም አልመከረኝም።

«ሁለተኛውን ሥራልኝ» አልሁት።

«ለራስዎ ነው ወይስ ሊሸጡት?»

«ልሸጠው ነው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጥቂት ዝም አለ። «እንግዲያው ገዢው ይምጣና ይየው፤ አይቶ ልጠፍልኝ ካለኝ እለጥፍለታለሁ። ሳያይ ግን አልለጥፍም» አለኝ።

«ምን አገባህ፥ የምከፍልህ እኔ አይደለሁም ወይ?»

«መክፈሉንስ እርስዎ ይከፍላሉ፤ የሚቀመጥበት ግን እሱ ነው።»

በእውነቱ ተቆጣሁ። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው በረዳቶቹ ፊት የመከረኝ መስሎኝ ፊቴ ጋለ። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ቃሉ አልለቀቀኝም። የሞተር ብስክሌት ማጠራቀሚያ በነጂው ጉልበትና ጉልበት መካከል ነው ያለው፤ ከበታቹ የጋለው ሞተርና እሳት የሚፈነጥቀው ካንዴላ አሉ። በልጁ ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ ምናልባት ተማሪ፥ ምናልባት ሕፃን ያዘለች እናት። እነርሱ ስሜን አያውቁም። እኔ በስቱኮ ልሸፍነው ያሰብሁትን ነገርም አያውቁም።

ሰው ክፉ አሳብ ሲያስብ ምክንያት አያጣምና፥ እኔም በዚያን ሌሊት ሦስት ምክንያት አቀረብሁ። እያንዳንዱን ለአንባቢ ላሳይና አብረን እንመርምረው፤ እነዚህ ምክንያቶች የእኔ ብቻ አይመስሉኝምና።

የመጀመሪያው ምክንያት፥ ገዢ ዓይን አለው፤ መርምሮ ይግዛ የሚል ነው። ይህ አሳብ ዓይን ሊደርስበት በሚችለው ነገር ላይ እውነት አለው። ጎማው ማለቁን፥ መስተዋቱ መሰበሩን ገዢው ሊያይ ይችላል፤ ሳያይ ቢቀር ጥፋቱ የራሱ ነው። ስቱኮና ቀለም ግን የሚቀቡት ዓይን እንዳይደርስ ነው። በቀድሞው የበቅሎ ገበያ የበቅሎዪቱን ገጣባ በግላስ ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው ነበረ ይባላል። እንዲህ ያለው ሻጭ ገዢውን ለምን አላየህም ብሎ ሊወቅሰው ይችላልን? የሌላውን ዓይን በእጁ ጨፍኖ ዕውር ብሎ እንደ መሳደብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት፥ እኔም ድኻ ነኝ፥ ኪሳራውን አልችለውም የሚል ነው። ይህም ቀላል ምክንያት አይደለም፤ በችግር የሚሠራውን ሥራ በጥጋብ ከሚሠራው ጋር አንድ አድርጎ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ልብ ብንል፥ ማጠራቀሚያውን ብደፍነው ኪሳራው አይጠፋም፤ ባለቤቱን ብቻ ይለውጣል። ከእኔ ትከሻ ወርዶ፥ ከእኔ ይልቅ ድኻ በሆነው፥ የእናቱን ገንዘብ በያዘው ልጅ ትከሻ ላይ ይወጣል። ያውም ሲሸጋገር እያደገ ነው፤ በእኔ ዘንድ የሦስት ቀን የሥራ ዋጋ የነበረው በእርሱ ዘንድ የአካል ወይም የነፍስ ዋጋ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የጠነከረው ነው፤ ምናልባት ምንም አይደርስ ይሆናል የሚል ነው። በእርግጥም ከሚያንጠባጥቡት ብዙዎቹ ማንንም ሳያቃጥሉ ይቀራሉ። አፍሶ አፍሶ ቤንዚኑ ያልቃል፥ ልጁም ይራገምና ያሠራዋል። ታዲያ ላይደርስ በሚችል ነገር ስለ ምን እጨነቃለሁ? በዚህ ምክንያት ላይ ብዙ ካሰብሁ በኋላ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ሰው ሁሉ በየቀኑ በምናልባት ላይ ይኖራል፤ ምናልባትን ፈርቶ የሚቀመጥ ቢኖር ከቤቱ መውጣት አይችልም። ነገር ግን ምናልባትን የመቀበል ሥልጣን ያለው የሚደርስበት ሰው ብቻ ነው። እኔ በራሴ ሕይወት ልደፍር እችላለሁ፤ በልጁ ሕይወት ለመድፈር ግን ፈቃዱን ማግኘት አለብኝ፤ ፈቃዱንም ለማግኘት መንገር አለብኝ። ነገሩን እኔ ዐውቄ እርሱ ካላወቀ፥ የሚደፍረው እርሱ አይደለም፤ በእርሱ የምደፍረው እኔ ነኝ።

ከዚህ ላይ የሳሙናው ነገር ትዝ ይለኛል። ሳሙና መለጠፍ ኃጢአት ነውን? አይደለም። አንድ ሰው በክረምት፥ ቀኑ ሲመሽ፥ ከከተማ ርቆ ሳለ ማጠራቀሚያው ቢያፈስበትና በሳሙና አስታግሶ ቤቱ ቢገባ ብልህ ይባላል እንጂ አታላይ አይባልም። ሳሙናው ሳሙና መሆኑን የተቀመጠበት ሰው ያውቃልና። ሙጫውም ቢሆን በራሱ ክፉ አይደለም። እንግዲህ ክፋቱ በሚሠራው ሥራ ደካማነት ላይ አይደለም፤ ደካማው ሥራ ብርቱ መስሎ እንዲታይ በሚደረገው ላይ ነው።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። መድፈን እንላለን፥ መጠገንም እንላለን፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል እንጂ አይደፈንም፤ ወጌሻ አጥንቱን በቦታው ሳይመልስ ላዩን ቢያስረው ሕመምተኛው ዕድሜውን ሲያነክስ ይኖራል። በሌላ በኩል ደግሞ እናቶቻችን ማታ ማታ ፍሙን በዐመድ ያዳፍኑታል። ያዳፈኑት እንዲጠፋ ብለው አይደለም፤ ለነገ እንዲያድር ብለው ነው። የተሸሸገ ጥፋትም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ዐመድ ይመስላል፥ ከታች ግን ያድራል።

ሕጋችንም ይህን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ጉድለቱን በተንኮል የሸሸገ ሻጭ፥ ዋስ አልሆንም የሚል ውል ቢያስፈርም እንኳ ውሉ አያድነውም። በልደታ የሚያስችለው ፍርድ ቤት ከቤቴ ሩቅ አልነበረም፤ በየጧቱ ባለጉዳዮች ዶሴያቸውን አቅፈው ሲሄዱ አይ ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያውም ተጐጂው ተርፎ፥ ማስረጃ ይዞ፥ ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ ካገኘ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ በስቱኮ ሥር የነበረውን ዝገት ማን ያስረዳል? ስለዚህ ከሕግ በፊት የሚቆም ሌላ ዘበኛ ያስፈልጋል።

ያ ዘበኛ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማሳየት ሌላ የልደታ ነገር ላንሣ። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ማረፊያ በልደታ ነበረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ባደረገበት ዘመን ከተማው የሚጠቀምበት ይህን ሜዳ ነበር፤ ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሊመጣ ሲል ሜዳው ስላጠረው ነው ቦሌ የተሠራው። በአውሮፕላን ሥራ አንድ የሚያስደንቅ ሥርዓት አለ። አንድ መካኒክ አንዲት ቡሎን ቢፈታና መልሶ ቢያጠብቅ፥ የሠራውን ጽፎ ስሙን ይፈርማል። ተሳፋሪው መካኒኩን አያውቀውም፥ መካኒኩም ተሳፋሪውን አያውቀውም፤ ፊርማው ግን ስለማይተዋወቁት ሁለት ሰዎች ይቆማል። ሰማይ ላይ ለሚሄድ ይህ ካስፈለገ፥ መሬት ላይ ለሚሄድ ለምን አያስፈልግም? በጌጃ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ የሚፈረምበት መዝገብ አልነበረም። ያ ወጣት «ሳያይ ግን አልለጥፍም» ሲለኝ ግን ስሙን እንደ ፈረመ እቈጥረዋለሁ።

ሆኖም ሁሉን ነገር በሠሪው ላይ ብቻ መጫን ቅን ፍርድ አይደለም። እኛ ባለጉዳዮች ወደ ጋራዥ ስንገባ የሙጫ ዋጋ ይዘን እንገባና የብየዳ ሥራ እንጠይቃለን። ዋጋውን ስንከራከር ውለን፥ ያስቀነስነው ገንዘብ ከማይታየው ሥራ ላይ እንደሚቀነስ አናስብም። ከዚህም ሌላ ብረት የሚሠራውን ሰው ለረጅም ዘመን ስንንቀው ኖረናል። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠሪን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸዋል፤ ነውሩ ባይኖር አዋጁ ባላስፈለገ ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን በዚያች ጋራዥ ውስጥ «ምን አገባህ» ስል የዚያ ንቀት ቅሬታ በአፌ ውስጥ ነበረ። ሠሪውን እጅ ብቻ ነህ፥ ኅሊና የለህም ብለን ከያዝነው በኋላ ኅሊና ያለው ሥራ ከእርሱ መጠበቅ አንችልም።

በማግሥቱ ተመልሼ ሄድሁና «ሦስተኛውን ሥራ» አልሁት። ምንም አላለኝም፤ መፍቻውን አንሥቶ ማጠራቀሚያውን አወረደ። ሥራውን ቆሜ ስላየሁት ለአንባቢ ባጭሩ ልንገረው። አስቀድሞ አቼቶ ሞልቶበት አሳደረው፤ በማግሥቱ አሮጌ የቡሎን ፍሬዎችና ቁራጭ ሰንሰለት ጨምሮ ሲወዘውዘው እንደ ቀይ አፈር ያለ ዝገት እየወጣ ፈሰሰ። የአቼቶውን ኮምጣጣነት ለማርከስ በሶዳ ውሃ አጠበው። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጠበው። ባዶ ማጠራቀሚያ ከሙሉ ይልቅ እንደሚያስፈራ የነገረኝ ያን ጊዜ ነው። በሙሉው ውስጥ ለተን የሚሆን ስፍራ የለም፤ ባዶ የሚመስለው ግን ተንና አየር የተቀላቀሉበት ስለሆነ፥ ሳይታጠብ እሳት ቢቀርብለት እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ስለዚህ ያለቀውን ላሜራ በእጅ መቀስ ቆርጦ ካወጣ በኋላ፥ ቀዳዳውን ወደ ላይ አዙሮ እስከ ቀዳዳው አፍ አጠገብ ድረስ ውሃ ሞላው። ተን የሚቀመጥበት ስፍራ ሲጠፋ ነው እሳቱን ያቀረበው። አዲሱን ላሜራ ነሐስ እያቀለጠ ዙሪያውን በየደው። ሲበርድ ውሃውን ደፍቶ፥ በትንሽ አየር ነፍቶ፥ የሳሙና አረፋ ቀባበት፤ አረፋው በአንድም ስፍራ አልተነፋም። በፀሐይ አደረቀውና ውስጡን በዘይት አላወሰው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቀለም እንዲቀባው ጠየቅሁት። ዙሪያውን ቀባና ብየዳው ያለበትን ስፍራ በቀጭን ዘይት ብቻ አብሶ ተወው። «ይኼን ልጁ ካየው በኋላ እቀባዋለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ግን አልተቆጣሁም።

ቅዳሜ ልጁ መጣ። ሁለት ክረምት መቆሙን፥ ዝገቱን፥ ሦስቱን ቀዳዳ፥ ብየዳውንም ሁሉ ነገርሁት። ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሠሪውንም ራቅ አድርጎ ወስዶ ጠየቀው። ተመልሶም ከተስማማንበት ዋጋ ላይ እንድቀንስለት ለመነኝ፤ ቀነስሁለት። የቀነስሁትና ለጥገናው የከፈልሁት ተደምሮ ጎዳኝ፤ ይህን አልክድም። ቅን ሥራ ሁልጊዜ ትርፍ ያመጣል የሚሉ መካሪዎች አሉ፤ እኔ ግን እንዲህ ብዬ አንባቢዬን አላታልልም። ብዙ ጊዜ ያስከስራል። ቅን ሥራ የሚሠራው ስለሚያተርፍ ቢሆን ኖሮ ነጋዴ ሁሉ ጻድቅ በሆነ ነበር።

ያገኘሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ልጁ ስልኬን ይዞ ሄዷል። ከማላውቀው ቍጥር ሲደወልልኝ ሳልፈራ አነሣለሁ። በስቱኮ ደፍኜ ሸጬው ቢሆን ኖሮ በየደወሉ ልቤ እንደሚደነግጥ ዐውቃለሁ፤ ደዋዩ ልጁ ራሱ ባይሆንና ስለ ልጁ የሚነግረኝ ሌላ ሰው ቢሆን ምን እመልስ ነበር?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የማይታየው ሥራ ዕዳ ባለገንዘቡ ማን ነው ብለን ነበር። መልሱን የነገረኝ ያ ወጣት ነው፤ የሚቀመጥበት ሰው ነው። የከፈለው አይደለም፥ ያዘዘው አይደለም፥ የሚያመሰግነውም አይደለም፤ ሳያይ አምኖ ሰውነቱን የሚጥልበት ሰው ነው። ዕዳውም ከሁለት በአንዱ ይከፈላል፤ ወይ በመጠገን፥ ወይ በመናገር። መጠገን የማንችልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ገንዘብ ያጥረናል፥ ዕውቀት ያጥረናል፥ ጊዜ ያጥረናል። መናገር ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መጠገን ያልቻለ ሁሉ ከመናገር የሚያመልጥበት ምክንያት የለውም።

አንባቢ ሆይ፥ ሞተር ብስክሌት ባይኖርህም ይህ ነገር አይመለከተኝም አትበል። ግንበኛ ብትሆን ከልስኑ በታች ያለው ብሎኬት አለ። መምህር ብትሆን ሳይገባው በማርክ ያሳለፍኸው ተማሪ አለ። ጸሐፊ ብትሆን ሳታመሳክር የፈረምህበት ሰነድ አለ። አባት ብትሆን በልጆችህ መካከል ዝም በሉ ብለህ የደፈንኸው ጠብ አለ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቀን የሚቀመጥበት ሰው አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው፤ ጠብታው ገና ጠብታ ሳለ ጎንበስ ብለህ እይ። ልትጠግነው ባትችል እንኳ፥ ለሚቀመጥበት ሰው ሳትነግር ቀለም አትቀባው።